የዳቦ ቤቱ ግድግዳ

ከፒያሳ ቁልቁል፣ ወርቅ ቤቶቹን አልፎ፣
ጁስ ቤት አለ ጠባብ፣ ሰው የሚጠጣበት ቆሞ ተሰልፎ።
ከጓዳው እኔ ነኝ፣ ቢላ የጨበጥሁ፣
ሥጋውን ለመፍጫ፣ ፍሬውን ለባልዲ ሳካፍል የኖርሁ።
ሲመሽ ባልዲው ጢም ይላል፤
የማንጎው፣ የአቮካዶው፣ የጊሽጣው ልጅ ገንዳ ይጣላል።
አንድ ማታ ቆጠርሁት፦ ሦስት መቶ አርባ።
ሦስት መቶ አርባ ዛፍ፣ በማዳበሪያ ታስሮ ቆሻሻ መኪና ሲገባ።

ልቤ አልቻለም። በሐምሌ፣ ሠላሳ ፍሬ አጠብሁ፤
በዘይት ጣሳ፣ በቀለም ቆርቆሮ አፈር ሞላሁ፤
ከወይዘሮ ትርንጎ ግቢ፣ ከቧንቧው ጥግ ደረደርሁ።
(ስማቸው ፍሬ ነው፤ ለተክል ግን ፊት አይሰጡም፤
«ቆጣሪው ይቆጥራል» ይላሉ፤ «ማንጎህ ኪራይ አይከፍልም።»)

ጣሪያው ሲደበደብ አድሮ፣ ጭጋግ ደጁን ሲዘጋው፣
ጎንበስ ብዬ አያለሁ፦ አፈር። ብቻ አፈር ነው።
«ታገሥ» አለኝ ዘበኛው።
«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አለኝ ሊስትሮው።
ታገሥሁ።
ነሐሴ አጋማሽ ላይ አንዱን ቆፍሬ ዳሰስሁ፤
ጠቁሮ ነበር፣ ላልቶ፤
በጣቴ መሃል አለቀ፣ እንደ ረጠበ ሳሙና ሟሙቶ።

ጋሽ ልሳነወርቅ አሉ፣ ፓፓያ ሐኪም ያዘዘላቸው፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሙቀትና ዝናብ መመዝገብ ነበር ሥራቸው።
ሲሰሙኝ አልሳቁም፤ ምክርም አልሰጡ፤
በማግሥቱ ቴርሞሜትር በመሐረብ ጠቅልለው መጡ፤
እንደ ችግኝ ከጣሳው አፈር ተከሉት። ዝም ብለን ቆምን።
«አሥራ ሦስት» አሉ። «ይኼ የአርባ ምንጭ ልጅ አይደለም እንዴ?
ከሃያ በታች ዓይኑን አይገልጥም፤
ጤፍ ቢሆን ከርሞም ይበቅላል፤ ማንጎ ግን መጠበቅ አያውቅም።
ትዕግሥት አይደለም ያነሰው፤ ያጣው ሙቀት ነው።
እንቁላል በእግሩ ሄደ ሲል ይኖራል ሰው፤
ሃያ አንድ ቀን የታቀፈችውን ዶሮ፣ ማን አነሣት በተረቱ?»
አሉና ፓፓያቸውን ጨልጠው ወጡ፣ ጃንጥላቸውን እየፈቱ።

ከዚያ ወዲያ ሥራችን ሙቀት ፍለጋ ሆነ።
የፍሪጁ ጀርባ ሃያ አራት፤ መብራት ሲሄድ ግን በነነ።
የወይዘሮ ትርንጎ ቴሌቪዥን አናት፣ ሃያ ሁለት፣ ድራማው እስኪያልቅ።
ከዚያ አንድ ሌሊት፣ እንቅልፍ ሲርቅ፣
መዳፌ የክፍሌን ግድግዳ ነካ፦
ጡቡ ትኩስ ነው ለካ!
ከወዲያ ዳቦ ቤት ነው። ሙዘይን ዘጠኝ ሰዓት ምድጃ ሲያነድ፣
ሙቀቱ ወደ እኔ ይሾልካል፣ ሳይጠራ የሚመጣ ዘመድ።
ሃያ ዘጠኝ።

አምስት አዲስ ፍሬ፣ ቅርፊታቸውን በቢላ ፈልቅቄ፣
ከጡቡ አስጠጋሁ፣ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ፣ ደብቄ።
ሙዘይን አላወቀም፤
ዶሮ ነህ ቢሉትም አያምንም።
የመውሊድ ለት ግን ምድጃው አረፈ፤ ጡቡ ቀዘቀዘ።
እኔ ምን ላድርግ? ጆንያውን ብብቴ ያዘ፤
ታቅፌ አደርሁ፣ ደረቴ ርሶ፣ ሳልገላበጥ።
ጠዋት ጋሽ ልሳነወርቅ ብብቴን ለክተው፦ «ሠላሳ ስድስት!
ለማንጎ ይበዛል» አሉ። አሁን ግን ሳቁ።

በሦስተኛው ሳምንት አንዱ ነጭ ሥር ሰደደ፤
ቀጥሎ ቅጠሉ ወጣ፣ አንገቱን እንደ ደፋ፣ እንደ ተገደደ።
አረንጓዴ ይሆናል ብዬ ነበር፤ አይደለም፤
ቀይ ዳማ ነው፣ ለስላሳ፣ መብቀሉን ገና አላመነም።
አራቱ አልወጡም።
ይኼኛው እዚህ ያፈራል ወይ? አልጠየቅሁም።
ጠዋት ሙዘይን ጋ ሄጄ አራት ዳቦ ገዛሁ፤
መልስ ሲሰጠኝ እጁ ይሞቃል፤ ትንሽ አቆይቼ ያዝሁ።