ስድስተኛዋ «አ»

ከወደቡ በላይ፣ ከዳገቱ ወገብ፣
ጨው የበላው ቆርቆሮ በነፋስ ሲርገበገብ፣
ቫልፓራይሶ ላይ አንድ ማተሚያ ቤት አለ፤
ባለቤቱ አዛውንት፣ ጣቱ በቀለም የከሰለ።
ስሙ ክሪሶስቶሞ። አፈወርቅ ማለት ነው፤
እሱ ግን ሦስት ቃል ከተናገረ፣ ያ ቀን ዓመት በዓል ነው።

ስለ እሱ የሚያወሩት ፊደሎቹ ናቸው፤
በሳጥን በሳጥን፣ በየመሳቢያቸው፣
ቀጫጭን የጋዜጣ፣ ቀጥ ያሉ የሕግ፣
በረድፍ የተኙ እንደ ገዳም ወግ።

ከሁሉም በታች ግን፣ በሰፊው መሳቢያ፣
አንዷ ተኝታለች፣ የአደባባይ መታያ፤
ከፒር ዛፍ ተቀርጻ፣ ቁመቷ አንድ ስንዝር፣
ጌጧን የማትቆጥብ፣ መልኳን የማትሰውር።
ሠራተኞቹ ሁሉ «ቀብራራዋ» ይሏታል፤
ስታልፍ የምትሰማ ሴት እንጂ እንጨት ማን ይላታል?
እግሯ ጫፍ ላይ ቅጠል፣ ወገቧ ላይ አበባ፣
በሆዷ መካከል ነጭ ክር የገባ፣
በቀኟ በኩል ደግሞ ጥላ አስከትላ
ከወረቀት ተነሥታ የምትመጣ መስላ።

ማንሾካሾክ አታውቅም፤ ለዚያ አልተፈጠረች።
አንዴ የግብር ማስታወቂያ ጽፋ ከተማው ሳቀ፤ ከዚያ ወዲህ ታገደች።
የሳሙና መጠቅለያ፣ የሳል ሽሮፕ ብልቃጥ፣
የቅዳሜ ማታ ቦክስ፣ የሎተሪ ዕጣ ሲወጣ፣
የጸጉር ቤት መስታወት፣ አዲስ የዳንስ ቤት፣
ከሁሉም፣ ከሁሉም፣ ሰርከስ የመጣ ዕለት።
ሁለት ሦስት ቃል ይበቃታል፤ አራተኛው ሲጨመር
ጌጥ በጌጥ ላይ ወጥቶ ዐይን ይደናገር።
«ጨው ነች» አለ አንድ ቀን፣ ከቃሉ ቀንሶ፣
«ማን በልቶ ያድራል ጨው ብቻውን ቆርሶ?»

ለሐዘን ግን ነውር ነው። ለሞተ ሰው፣ ጥቁር፣
ያልተኳለ ፊደል፣ በመስቀል ሥር የሚያድር።
ይህ የቤቱ ሕግ ነው፣ ከአባቱ የወረሰው፣
አርባ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ያልጣሰው።

በሰኔ፣ በዝናቡ፣ ኤደልሚራ መጣች፤
ጃንጥላዋን ዘግታ ከደጃፉ ቆመች።
«ባሌ ሞተ» አለችው። «አልጋው ላይ፣ በሳል።
በሁለት ገመድ መሐል፣ ባንዲት ዘንግ ላይ፣ ሠላሳ ዓመት የበረረ ሰው፣
እንዴት በሳል ይሞታል?
የቀብሩን ወረቀት በዚያች ጻፍልኝ፣ በባለ አበባዋ።
ከተማው ስሙን የሚያውቀው በእሷ ነው፤
በሌላ ከጻፍከው ማን ለይቶት፣ ማን መጥቶ ይቀብረው?»

ዝም አለ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ደበደበ።
ከዚያ ጎንበስ ብሎ ሰፊውን መሳቢያ ሳበ።

ባልታሳር አራና።
በእነሱ አጻጻፍ ስሙ ስድስት ጊዜ «አ»ን ይጠይቃል፤
ሳጥኑ ውስጥ ያሉት አምስት ናቸው። ለሳሙና አምስት ይበቃል።
የእነሱ «አ» ሁለት እግር ናት፣ ተራርቀው የቆሙ፣
ወገባቸው በአንድ መቀነት ታስሮ፣ ጫፍ ላይ የተሳሳሙ።
ሽማግሌው መሳቢያውን በጣቱ ዳበሰ፤
«ቬ»ን አነሣ፣ ገለበጣት፣ አቧራዋን አበሰ።
ቆመች። «አ»ን መሰለች፤ መቀነት ብቻ አጣች።
ጥላዋ ግን ካምስቱ ተለየ፤ የእነሱ በቀኝ፣ የእሷ በግራ፣
ሌላ ፀሐይ የወጣላት ይመስል፣ ከሌላ ተራራ።

ወረቀቱ ታትሞ ከገመድ ላይ ሰጣው።
ኤደልሚራ ቀርባ በዐይኗ ለቀመችው፣
ከስሙ መጨረሻ ጣቷን አሳረፈች፣
«የዚህችስ ዘንግ የት አለ?» አለች።
አፈረ። ከቃሉ አንዱን ሊያወጣ ከንፈሩን አላቀቀ።
ቀደመችው፦
«ተወው። ገመዶቹ አሉ። ዘንጉን እሱ ለቀቀ።»

በማግስቱ ወረቀቱ በየግድግዳው ሲለጠፍ
የሠፈር ልጆች ተሰበሰቡ፣ ሳንቲም ይዘው በእጅ መዳፍ፣
መግቢያው ስንት ነው እያሉ።

«ቬ»ዋን ወደ ቦታዋ አልመለሳትም፤
ካምስቱ ጎን፣ እንደተገለበጠች፣ ተኝታለች።
አንድ ብቻ ነበረች።
ስለዚህ ከዚያን ቀን ወዲህ ቀብራራዋ ሁሉን ትጠራለች፣
ሳሙናውን፣ ቦክሱን፣ የሰርከሱን ድንኳን፤
የገዛ ከተማዋን፣ የቫልፓራይሶን ስም ብቻ መጻፍ አቅቷታል።