የወገብ ልክ

መኪና ግርግር ላይ ሌሎቹ ሲያጓሩ
አንዲት ሲንጀር ብቻ ዝም አለች ከበሩ።

አው አብዶሽ አያቴ፣
ዘጠና ሦስት ዓመቱ፣ ሜትሩን ካንገቱ ያላወረደ፣
የሐረርን ሰው በስሙ ሳይሆን
በወገቡ ልክ የወደደ።

«ያ ማነው?» ስንለው፣ ፈላና በር ቆሞ ያየነውን ሰው፣
«ሰማንያ አራት ነበር፤
ዘንድሮ ግን ከሳ፤ ምን ሐሳብ ቀነሰው?»
ከዚያ ሱሪውን ያስመጣል፤ ያ ሰው ሳይጠይቅ
ጎኑን ይሰበስባል፣ እንዳይሳቀቅ።

ቁጡም ነበር ደግሞ። አልዋሽም።
መቀስ የጠፋ ቀን ቤቱ ውስጥ አይዋልም፤
አባቴን በማስመሪያ መትቶታል፣ አምሳ ዓመት ሞልቶትም።

በዒድ ዋዜማ ሌሊት፣ ከቁርጥራጭ ከረጢቱ
ለዐሥራ ዘጠኝ የልጅ ልጅ ሸሚዝ ይወጣል፤
አንድ እጅጌው አረንጓዴ፣ አንዱ ባለ ነጠብጣብ፤
ያኔ አፍረንበታል።
ዛሬ ከየት ይመጣል?

በመጨረሻው ክረምት፣ ዓይኑ ከድቶት እንኳ፣
አሚር ናደባው ላይ ክሩን በምላሱ እያራሰ
የመርፌዋን ቀዳዳ በዳበሳ ያገኘው ነበር።

ሐሙስ ዕለት ነጭ አቡጀዲ ገባ።
በእጅ ተቀደደ። ጠርዝ የለው፣ ኪስ የለው፤
ሰባ ዓመት የሰፋውን ሰው
መርፌ ያልነካው ጨርቅ አለበስነው።
ልኩን የጠየቀ የለም።

በሦስተኛው ቀን ሰማንያ አራቱ ሰውዬ መጣ፤
ጫማውን እያየ፣ «ሱሪዬ... እሳቸው ዘንድ ነበር» አለ።
ፈልጌ አገኘሁት።
ጎኑ ተሰብስቧል፤ እግሩ ገና አልታጠፈም፤
መርፌዋ እንደተሰካች ናት።
ሱሪውን ሰጠሁት።
መርፌዋን አልሰጠሁም።