አሥራ አንድ ከመቶ

አባ ኮዳ፣ ውረድ ከጣሪያዬ ራስ፤
ሐይቅ ዳር ዓሣ አለልህ፣ አንጀት የሚያርስ።
እኔ ቤት ምን አለና፣ ምን ልትለቅም መጣህ?
ሐምሌ የቆነጠረልኝን ብርሃን፣ እሱንም በኖራህ ቀባህ።

ጧት በመሰላል ወጣሁ፣ በነጠላ ጫማ፣
በአንድ እጄ ባልዲ፣ በአንድ እጄ ያረጀ ሸማ፤
ፈተግሁት ፓነሉን፤ አጥንቴን ዘለቀው የሐይቁ ጉም።
መስታወቱ ጠራ። ሰማዩ ግን አልጠራም።

ከመናኸሪያው ጀርባ ሱቅ ያለው ቃሚሶ
እንዲህ ብሎኝ ነበር፣ ሳጥኑን በእጅጌው አብሶ፦
«እትዬ ዱካሌ፣ ብርድ ሁለት ፊት አለው፤
ፓነል ይወደዋል፣ ባትሪ ነው የሚጠላው።
ያ እላይ ሆኖ ሲበርደው ይበረታል፣
ይኼ እታች ሲበርደው አልጎርስም ይላል።»
«በሐዋሳ?» ብዬ ሳቅሁ፤ «የምን ብርድ፣ ልጄ?»
ይኸው በፎጣ ጠቀለልኩት፣ በገዛ እጄ፣
ምናልባትም ሳያስፈልገው።
ሰው የፈራለትን ነገር ያለብሳል።

መብራት ከሄደ ዛሬ ሁለት ቀኑ።
ማስፈልፈያው ውስጥ
ስልሳ አራት ዕንቁላል፣ ነገ ማታ ጫጩት ሊሆኑ።
ሳጥኑ ፊት ላይ የሚበራው ቁጥር፣ አሥራ አንድ ከመቶ።
ሌዳሞ መጣ፣ ስልኩን ይዞ፣ ገመዱን ጎትቶ፦
«ለኳሱ ብቻ፣ እማ፤ ግማሽ ሰዓት።»
ሹኔ መጣች ከአጥሩ ማዶ፣ ጨለማው ሰልችቷት፤
ባሏ ከሞያሌ መንገድ ይደውላል፣ ስልኳ ግን ሞቷል።
«አይሆንም» አልኩ ለሁለቱም።
ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ይኸው እስካሁን ይሰማኛል።

«ደግ ናት» ሲሉኝ የኖሩት
ለካ በበጋ ነው ያወቁኝ፤
ጸሐዩ ሞልቶ ሲፈስ፣ ዘጠና ላይ ሆኜ ነው የመረቁኝ።
መቶ ላይ ማን አይሰጥ?
አሥራ አንድ ላይ ግን እጄ ገመዱን ይጨብጣል፣
ዓይኔ ቁጥሩን ይጠብቃል።

ስምንት ሰዓት ግድም
ከታቦር ተራራ በላይ ደመናው ተተረተረ፤
በተረተሩ በኩል አንድ ክንድ ጸሐይ
መጥቶ ቆርቆሮው ላይ ሰፈረ።
ቁጥሩ ነቃ። አሥራ ሁለት።
ሮጬ ወጣሁ፣ ዱላ ይዤ፣ አንተን ላባርር፤
አንተ ግን ክንፍህን ዘርግተህ፣ እንደተሰጣ ካፖርት፣
ዓይንህን ጨፍነህ ነበር።
ለካ አንተም ልትሞላ ነው የመጣህ፣
ሐምሌ ያበሰበሰውን ላባ፣
ማንም ደባብሶት የማያውቀውን መላጣህን
ልታሞቅ ነው የወጣህ።

ዱላውን መሰላሉ ላይ አስደገፍኩ።
ቁም፣ ግዴለም። ብቻ
ትንሽ ወደ ቀኝ ጠጋ በል፤ ግማሹን ጋርደኸዋል።

አሥራ አራት።
ደመናው ተመልሶ ሳይሰፋ
ከጣሪያው ላይ ሆኜ ሹኔን ተጣራሁ።