ሞተር ማሞቅ

ላዳዋ ተሸጠች፤ ቅዳሜ ነው፣ ጠዋት፤
ገዢው የዱከም ሰው፣ ጎማዋን ረገጥ ረገጥ አረጋት፣
ሁለቴ አስነሳት፣ ሁለቴ አጠፋት።
አባቴ ቁልፍ ሲሰጥ፣ እጁ ተርበትብቶ፣
የቤቱን ቁልፍ ጭምር ሊሸኝ ነበር ረስቶ።

ጋራዡ ባዶ ቀረ፤ ሦስት ሜትር በአምስት፤
ክሪክ፣ የሞተ ባትሪ፣ ጀሪካን የዘይት፣
ምስማር ላይ የተንጠለጠለ፣ ዓመቱ ያለፈበት
የጎማ ሻጭ ካላንደር፣
ከመጋቢት ወዲህ ማንም ያልገለጠበት።

እኔ የሒሳብ ሰው ነኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ
የማለዳው ሰልፍ፣ የማታው ሰልፍ፣ እያሉ፣
ሜክሲኮ ላይ ቆሜ ሚኒባሶች ሲሞሉ፣
ዕድሜዬን እንደ ብር ሸርፈው ጨረሱት፤
አንድ ማታ ደመርኩት።
ድምሩን ለማንም አልተናገርኩት።

"አባ፣ ጋራዡን ስጠኝ" አልኩት በክረምቱ።
ሳቀ። "በዚህ ሰፈር፣ በቱሉ ዲምቱ፣
ባዶ ቦታ ደግሞ መቼ ይለመናል?
ሌሊት ይታጠራል፣ ሲነጋ ቤት ሆኗል።"

ጉርሜሳ አናጢው ሜትሩን ዘርግቶ፣
እርሳስ ጆሮው ላይ፣ ብሎኬት አንኳኩቶ፣
"ሐምሌ ያስለቅሳል፤ ጅፕሰም እናልብሰው፤
ይሄን ላሜራ በር ነቅለን እንጣለው።"
"በሩ ይቆይ" አለ አባቴ ከውጪ፣
ማንም ሳይጠይቀው።
ሦስት ቀን ተከራከርን። በሩ ተገመሰ፤
ግማሹ መስታወት፣ ግማሹ ላሜራ፤
በመስታወቱ በኩል የየረር ተራራ፣
በላሜራው በኩል ላዳዋ በቂጧ
ገጭታ የተወችው ስርጉድ።

የሞተሯ ዋጋ ኮምፒውተር ሆነ፣
የመቀመጫዋ፣ የሚሽከረከር ወንበር፤
የቀረው በቀለም፣ በሽቦ ተነነ።

ወለሉ ላይ ግን ያ ጥቁር፣ የሃያ ዓመት ዘይት፣
ኦሞ አልነካውም፤ በቤንዚን፣ በሽቦ ብሩሽ ፋቁት፣
እምቢ አለ። ሴራሚክ ይሸፍነው ተባለ፤
ልክ እሱ ጋ ሲደርስ አራት ፍሬ ጎደለ።
ብሩም አብሮ አለቀ።
ጠረጴዛ ጎተትኩበት፤ እንዲያ ተደበቀ።
ዛሬም ግብር ሲደርስ፣ ጫማዬን አውልቄ፣
በአውራ ጣቴ እዳብሰዋለሁ
ከላይ ቁጥሮች መሐል ወድቄ።

ወረዳ ሄድኩ ለፈቃድ። "የሥራ ቦታ?" "ጋራዥ።"
"የመኪና ጥገና በይኛ ታዲያ!" "አይ፣ የሒሳብ።"
"እና ምን ይጠገናል?" "የሱቆች ደብተር።"
ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ፣ ማኅተሟን እንደያዘች፤
"ኧረ የኔንም ደመወዝ ጠግኚልኝ" ብላ መታች።

መጀመሪያ በሬን የመታው ደንበኛ አልነበረም፤ ጎረቤት ነው፤ በጡጫ ደበደበ፦
"ላዳዋ የለችም? ሚስቴን ምጥ ያዛት!"
አባቴ ኪሱን ዳበሰ፣ ቁልፍ ያለ መስሎት፤
ከዚያ ወደ አስፋልቱ፣ እጁን እያውለበለበ
ሮጠ፤ አንድ አይሱዙ ቆመለት።
(ሴት ልጅ ናት። ደህና ናቸው።)
አባቴ ያን ቀን ምሳ አልበላም።

አሁን በየማለዳው፣ አሥራ ሁለት ሳይሞላ፣
የበሩ መወርወሪያ ሲጮህ እነቃለሁ፤
ሃያ ዓመት በዚህ ሰዓት ሞተር ያሞቅ ነበር፣ አውቃለሁ።
ዛሬ ተነስቼ ወጣሁ።
አባቴ በካቦርቱ፣ ቆቡን እስከ ጆሮው ስቦ፣
ወንበሩ ላይ ሳይቀመጥ፣ ጎንበስ ብሎ ቆሞ፣
ኮምፒውተሩን አስነስቶ፣
ጆሮውን አስጠግቶ፣
ውስጧ ያለው ማራገቢያ ሲያጉረመርም ያዳምጣታል።

"ቆይ፣ አትቀመጪ፤ ገና አልሞቀችም፤
በብርድ የነዷት መኪና አትበረክትም።"

እኔም ቦርሳዬን አቅፌ ደጁ ላይ ቆምኩ፣
እንደ ቀኑ የመጀመሪያ ተሳፋሪ፤
ሰልፍ የለም።