ያምናው ሰው

ደምበጫ፣ ሆቴል ደጅ፣ በእኩለ ሌሊቱ፣
ዘበኛው ባንታየሁ ቆሟል ከመስኮቱ፣
በመስታወት ያያል ድምፅ የሌለው ጎልፍ፤
ያምናው ባለዋንጫ ዳግም ሊያሸንፍ
አንዲት ምት ቀረችው።

«ይህን ሁሉ ለም መስክ ጤፍ አይዘሩም ምነው?»
ብሎ ያላገጠ ሰው፣ አሁን ትንፋሽ የለው።

እሱም ሁለት ገና ረትቶ፣ በሦስተኛው ዓመት
ሩሯ እግሩ ሥር ሳለች ዱላው እንደሳታት፣
አምና ያሞገሰው መንደር አፍጥጦበት፣
አይረሳም።

ኳሷ ተንከባላ፣ የሰው ሁሉ ተስፋ፣
ጉድጓዱ ከንፈር ላይ —
መብራት ጠፋ።

«ገባች!» አለ ባንቴ። ስንቄ ሳቀች፤ «እንዴት?»
«እጁን አይቻለሁ፤ አምና አልነበረበት።»

መብራት ሲመጣማ ያው ሰው፣ ዋንጫ ስሞ፤
ባንቴ ግን በሩ ጋ፣ በዘብ ዱላው፣
ጠጠር ይመታል ቀስ ብሎ፣
ደጋግሞ፣ ደጋግሞ።