ነገ ነይ

ጦሳ ጭጋግ ለብሶ፣ ፀሐይ ሳትነቃ፣
አዳራሹ ታጥቦ፣ ተጠርጎ አበቃ።
ወንበር ደርድራ፣ መስኮቱን ወልውላ ያበሰች፣
ባልዲዋን ይዛ ከኋላ በር ቆመች።

እኛ የንግድ ሥራ፣ የሒሳብ ተማሪ፤
እሳቸው አቶ እብሬ፣ የጥንት አስተዳዳሪ።
ሦስት መንግሥት አይተው፣ ሁለቴ ታስረዋል፤
የኮታቸው ክርን በዕድሜ ነጥቷል።
ዲኑ ፕሮጀክተሩን ሊያበራ ሲነሳ፣
«ተወው ልጄ» አሉት፣
«መብራት ይረሳናል፤ እኔ ግን አልረሳ።»

«እናንተ ስታጠኑ ትርፍና ኪሳራ፣
ገቢ በዚህ በኩል፣ ወጪ በዚያ ተራ፣
የእኔ መዝገብ ግን አምድ አልነበረው፤
ትርፉን ሰው ወሰደው፣ ጉድለቱ የእኔ ነው።
ቦይ ብሠራ እኔ፣ ማን ያየዋል ቦይ?
ሐምሌ ሲመጣ ነው ሥራ የሚታይ።
አደባባይ ሠርተው ሪባን የቆረጡ፣
ቦርከና ሲሞላ ከቤት መቼ ወጡ?»

አጨበጨብን። አንዱ ከፊት ተነሳና፣
«ደሞዝዎ ስንት ነበር?» አላቸው ደፈረና።
«ለስኳር ይበቃል፤ ሻዩን ግን አይችለው።»
ሳቃችን ጣሪያውን፣ ቆርቆሮውን ነካው።

«ሹመት የቅሬ ድስት ነው፤ ለድግስ ይዋሳል፤
ሳያጥብ የመለሰ በሰፈር ይወቀሳል።
ፊርማ ትንሽ ነገር፣ የጣት ስፋት ታህል፤
ብታድር ግን ሰው ነው ዕድሜውን የሚከፍል።
እኔ በዘመኔ ከቢሮዬ ደጅ
ማንም አልተጉላላ፣ ባዳም ሆነ ወዳጅ።»

ከኋላ በር በኩል ባልዲ ኳ አለ።
«እኔስ?» አለ አንድ ድምፅ፣ ያልጮኸ፣ ያልቀለለ።

«ሸዋበር ላይ ነበር፣ ትንሽ የቆርቆሮ ሱቅ፣
ሳሙና፣ ጨው፣ ክብሪት ልነግድ፣ ፈቃድ ስጠብቅ።
ሃያ ሁለት ጊዜ። ቆጥሬዋለሁ። በእግሬ፣ ከገራዶ።
ሃያ ሁለት ጊዜ ‹ነገ ነይ› ተባልሁ፣ በርዎ ተጋርዶ።»

ዝም አሉ አቶ እብሬ። ከዘራው ወደቀ።
ዲኑ ሰዓቱን አየ። አንዱ ልጅ ሳቀ።

«ስምሽ ማነው?» አሉ ቆይተው።
                                  «ጦይባ ይመር።»
«ማመልከቻሽ አለ?»
                                  «አንድ ሰሞን ነበር።
ማኅተም የሌለው ወረቀት ምን ይሠራል እቴ?
የልጄን የሒሳብ ደብተር ሸፈንሁበት እቤቴ።»

ወንበራቸውን አነሱ። እየጎተቱት ሄዱ፣
በመሐላችን አልፈው ከመድረኩ ወረዱ፣
ባልዲው አጠገብ አኖሩት። «ተቀመጪ» አሏት።
እምቢ አለች። እሳቸውም ቆሙ። ወንበሩ ባዶውን ሰማት።
«ከሃያ ሁለቱ ቀን» አሉ፣ «ስንቱን ዘነበብሽ?»
የመለሰችውን እኛ አልሰማንም፤ ድምጿ ነበር ለስላሽ፤
እሳቸው ግን ጎንበስ ብለው፣ እጃቸውን ከጆሯቸው አስጠግተው፣
ቀኖቹን አንድ በአንድ፣ በጣታቸው ቆጠሩ፣ ረጋ ብለው።

ያ የሒሳብ ደብተር፣ የአራተኛ ክፍል፣ ጠርዙ የተበላው፣
ልባሱ ላይ «ለከተማው አስተዳደር» የሚል ጽሑፍ ያለው፣
የእኔ ነው።

አጠገቤ ያለው ልጅ «ማናት ሴትዮዋ?» ቢለኝ፣
«እንጃ» አልሁት። ቃሏ ጥርሴ ውስጥ ቀረችብኝ።

ማታ የገራዶን ቁልቁለት ስንወርድ አብረን፣
ጭቃው እየያዘን፣ ካፊያው እያባረረን፣
ትቆጣኝ ይሆን ስል፣ አይታኝ ይሆን ስል፣
እሷ እጇን በሻርፗ ውስጥ ስትጠቀልል፣
ብዙ መንገድ ሄደን፣ መብራት ጠፍቶ፣ ውሻ ሲጮህ ከሩቅ፣
ቆም አለች፣ ጫማዋን ከጭቃው ለማላቀቅ።

«ሽማግሌውን» አለች፣ «በዚህ ብርድ እንዲያ አስቆማችሁት፤
ሻይ እንኳ፣ አንድ ብርጭቆ ሻይ፣ አላጠጣችሁት?»