ሀ የሌላት ከተማ

ድምፅ ማጉያው ጣቢያ ላይ «ሀል!» ብሎ ተጣራ፣
ሀ ፊደሏ ተወልውላ፣ እንደ ብር ማንኪያ የምታበራ።
ዊልፍ አግዳሚው ላይ ትንባሆውን ጠቅልሎ
«አል ነው» አለ ለራሱ፣ «አል ነው» አለ ቀስ ብሎ።
ሰባ ዓመት ኖሮባት፣ ሌት ዓሣ ሲያራግፍ፣
የከተማውን ስም ማሽን ሊያስጠናው ይለፍልፍ!
ግን ድምፁ የሄዘር ነው፤ የገዛ ልጁ፣
«ኤዘር» እየተባለች ያደገችው ከደጁ።

ነገሩ የተጀመረው ሚስ ሉክስተን ክፍል ነው፣
ክረምት፣ ሰሌዳው ሥር፣ ምድጃው ባልሞቀው።
ከቦርሳዋ የወጣች ክብ የኪስ መስታወት
የልጅቷ አፍ ላይ ተደቅና፣ «ሀ በይ፣ ተንፍሺበት!
መስታወቱን ካላላበው፣ ሀ የለም አፍሽ ውስጥ፤
ሀ የሌለው ደጅ ይቀራል እንጂ ሳሎን አይቀመጥ።»
ጠዋት ማታ ተነፈሰች፣ አላበው፣ ተነፈሰች፣
ከአባቷ የወረሰችውን ፊደል በፊደል አራገፈች።
የዓሣው ሽታ ሳይቀር ከልብሷ ለቀቀ፣
«ነር» የምትለው «ኖ» ሆነ፤ አፏ ረቀቀ።

አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል እንላለን እኛ።
እዚያ ግን የሚታየው የአባት የሥራ ጓንት፣
የኪራይ ቤቱ እርጥበት፣ የኩባያው ስንጥቃት፣
እናት ተንበርክካ ያጠበችው የሰው ደረጃ ስንት።

ጊልፎርድ፣ የአማቶቿ ማዕድ፣ ሹካው በየረድፉ፤
«አባትሽ ምን ይሠራሉ?»
«በባሕር ንግድ ናቸው።»
ቃሉ ውሸት ነበር እንጂ ፊደሉ አልጎደለም ጫፉ።
ሠርጓ ላይ ዊልፍ ዝም አለ፤ ሲጠየቅ ራሱን ነቀነቀ፤
«ጨዋ ሰው ናቸው» አሉ። ዝምታው ጸደቀ።

የባቡር መሥሪያ ቤቱ ድምፅ ሲመለምል አገኛት፤
«ይቺ ከየትም አይደለችም» ብሎ፣ ደስ ብሎት፣ ቀጠራት።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ከሦስት ሀ ጋር ነው፤
ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፣ በየቤታቸው።
ሁለቱን ድሮ ውጠናል፤ ጉሮሯችን አያውቃቸውም፤
ማንም መስታወት ይዞ አፋችን ላይ አልቆመም።
የብዙኃን ስሕተት ሲያድር ሰዋስው ይባላል፣
የዓሣ አራጋፊ ስሕተት ግን ስሕተት ሆኖ ያድራል።
(መስታወቱስ እኛም ጋ አለ፤ እሱን ሌላ ጊዜ አወራዋለሁ።)

መጋቢት ላይ ዊልፍ ወደቀ፤ በረዶ የጠጣ ሳንባው።
ሌሊት ነው፤ ብቻዋን ናት፤ ደረቱ መነሣቱን አጣችው።
ከቦርሳዋ የኪስ መስታወት አውጥታ አፉ ላይ ያዘችው።
አላበው።
ትንሽ፤ የሳንቲም ያህል። አላበው።
ዕድሜ ልኩን የዘለላት ሀ፣ ይቺውና፣ መጣች፣
ማርክ የሚሰጣት ሳይኖር መስታወቱ ላይ ተቀመጠች።
«ዳድ፣ ኤዘር ነኝ» አለችው።
ሰማ አልሰማ፣ አላወቀችም።

ዛሬም ጣቢያው ላይ ያ ድምፅ «ሀል» ይላል፣ ጥርት አድርጎ።
ዘንቢል የያዘች አሮጊት «አል» ትላለች፣ አገጯን ወደ ማጉያው ቀስራ።
ባቡሩ ሁለቱንም አይሰማም።
አርፍዶ ይመጣል።